ምስጋናና ጥቆማ፦ «ፍጥነቱ ደህና ነው» ተብላችሁ ለተመለሳችሁ ወላጆች

ይህ ምስጋና ሜሪላንድ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለምትሠራ አማርኛ ተናጋሪ ሳይኮሎጂስት ነው። ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) አለባቸው ተብለው የሚጠረጠሩ ልጆችን ትመረምራለች። ስሟ በአደባባይ እንዲነሳ አልፈለገችም፤ ሥራዋ ግን ይነገር። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ዕድሜዋን ያርዝመው!

እሷ ጋ የሚደርሱት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ተንገላተው ነው የሚመጡት። አንዱ ቤተሰብ ልጁን የግል ክሊኒክ ወስዶ፣ ከኪሱ ከፍሎ፣ ልጁ ሃያ ደቂቃ ያህል ኮምፒዩተር ላይ ምልክት እያየ ቁልፍ የሚጫንበትን የትኩረት ፈተና ተፈትኖ የተሰጣቸው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ አማካይ የምላሽ ፍጥነቱ ከእኩዮቹ ጋር አንድ ነው፣ ችግር የለበትም፣ ሥርዓት አስይዙት። ያስተረጎመችላቸው ደግሞ የልጁ ታላቅ እህት፣ እሷም ገና ተማሪ። ስለ ወንድሟ የሚባለውን ክፉ ቃል ለእናቷ በእሷ አፍ ማስነገር ነውር ነው። እዚያ የነበሩት ባለሙያዎች ግን ምንም አልመሰላቸውም።

ይህች ባለሙያ ያንኑ ውጤት ከነዝርዝሩ አስልካ ከፈተችው። ስክሪኑን ወደ እናትየዋ አዞረች፤ እያንዳንዱ የልጁ ምላሽ አንድ ነጥብ ነው። በእርሳሷ ጫፍ ነጥቦቹን እየተከተለች «እዚህ ጋ ፈጣን ነው። እዚህም። እዚህ ጋ ጠፋ። ይኸው ተመልሶ መጣ» አለቻት። ቀጥላም «ልጅዎ ሰነፍ አይደለም፤ ትኩረቱ እየሄደ እየመጣ ነው» አለቻት። እናትየዋ «ሰነፍ አይደለም» የሚለውን ከባለሙያ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ አሥር ጊዜ ሲጫን ሁሉንም በ450 ሚሊሰከንድ ገደማ ቢጫን አማካዩ 450 ነው። ሌላው ስምንቱን በ350፣ ሁለቱን በ850 ቢጫን የእሱም አማካይ 450 ነው። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን ልጆች አንድ ያደርጋቸዋል። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች ላይ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ የሁለተኛው ዓይነት መዋዠቅ ነው፤ በ2013 የታተመ፣ 319 ጥናቶችን የገመገመ ሥራም ይህንኑ አሳይቷል። የሂሳቡን ቀመር ለባለሙያዎቹ እንተወው። ክፍል ውስጥ ይህ ምን እንደሚመስል ግን ሁላችንም እናውቃለን፦ «ትናንት የሠራውን ዛሬ አልችልም ይላል፣ ሆን ብሎ ነው»።

የፈተና አሰጣጧም ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ጠዋት ትቀጥራለች፤ ልጁ ቁርስ መብላቱን፣ ሌሊት ስንት ሰዓት መተኛቱን፣ መነጽሩን ማድረጉን ትጠይቃለች። እንቅልፍ ያጣ ልጅም ይዋዥቃልና። መድኃኒት የጀመረ ከሆነ በስንት ሰዓት እንደወሰደ ትመዘግባለች፤ እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉት መድኃኒቶች መዋዠቁን ስለሚቀንሱ፣ ይህ ሳይጻፍ የተሰጠ ውጤት ሰው ያሳስታል። ልምምዱን ሳያልፍ ዋናውን አታስጀምርም። ከሁሉ የወደድነው ደግሞ የፈተና ምርጫዋን ነው። ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጣና የእንግሊዝኛ ፊደል ገና ላልለመደ ልጅ፣ «ከኤክስ በቀር ፊደል ባየህ ቁጥር ተጫን» የሚለውን ኮነርስ የተባለ የኮምፒዩተር ፈተና ትታ በቅርጽ ብቻ የሚሠራውን ቶቫ የተባለውን ትሰጠዋለች። ያለዚያ የሚለካው ትኩረቱ ይሁን ፊደል ማወቁ አይለይም።

ውጤቱን ስታነቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። በቶቫ 100 መካከለኛ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ ይከፋል። በኮነርስ ግን መካከለኛው 50 ሲሆን የሚከፋው ሲወጣ ነው። አንዱን በሌላው ሚዛን አንብበው በከንቱ የደነገጡም፣ በከንቱ የተደሰቱም አሉ። «ከአማካዩ ሌላ የመዋዠቁ ውጤት የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እሷ በዚህ ፈተና ብቻ ፍርድ አትሰጥም፤ በዚህም እናመሰግናታለን። ኤዲኤችዲ ኖሮበት ፈተናውን በደህና የሚያልፍ ልጅ አለ፤ ሳይኖርበት በጭንቀት የሚወድቅም አለ። ስለዚህ ቫንደርቢልት የተባለውን፣ ስለ ልጁ የኤዲኤችዲ ምልክቶች የሚጠይቅ መጠይቅ ለወላጅም ለአስተማሪም ትልካለች፤ ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት መጀመሩን፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየቱን ታጣራለች። ለቅጽበት ፍዝዝ ብሎ የሚቀርና ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ካጋጠማት መጀመሪያ ወደ ሐኪም ነው የምትልከው፤ እንዲህ ያለ የሚጥል በሽታ ዓይነት ስላለ።

ከዚያ በኋላ የምትጽፈው ምክርም መሬት የወረደ ነው። የሒሳብ ወረቀቱ ታጥፎ በአንድ ጊዜ አራት ጥያቄ ብቻ ይታየው፤ ትእዛዝ አንድ በአንድ ይነገረው፤ ፈተናው በእረፍት ይከፋፈልለት። ተጨማሪ ሰዓት ብቻውን ብዙ አይረዳም ትላለች፤ ትኩረቱ የሄደ ልጅ ሰዓት ቢጨመርለት መጥፊያው ነው የሚረዝመው። እውነቷን ነው።

እሷን በቀጠሮ ማግኘት አይቻልም፤ የምታየው የራሷን ትምህርት ቤት ልጆች ነው። የእናንተም የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ልጁ እንዲህ ያለ ችግር እንዳለበት ከተጠረጠረ የመገምገም ግዴታ አለበትና እባካችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ! ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ ቅጂውን ያዙ። ግምገማው በነጻ ነው። በፌዴራሉ ሕግ የ60 ቀኑ ገደብ (ስቴቱ የራሱን ካላወጣ) የሚቆጠረው የፈረማችሁት የፈቃድ ወረቀት ትምህርት ቤቱ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሲመጣ አታቆዩት። ለአይኢፒ (ልዩ ትምህርት ለሚያስፈልገው ልጅ በግሉ የሚዘጋጅ ዕቅድ) ባይበቃ እንኳ የ504 ፕላን (ክፍል ውስጥ የሚደረግለትን ማመቻቸት የሚዘረዝር ዕቅድ) ይታይልን በሉ። በውጤቱ ካልተስማማችሁ በትምህርት ቤቱ ወጪ ገለልተኛ ግምገማ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለስብሰባው አማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ።