ለልጅ የሆድ እጥበት ወይስ የደም እጥበት? ከኢንፌክሽን አንጻር

የልጅ ኩላሊት ሥራውን ካቆመና ንቅለ ተከላው ገና ከሆነ፣ ወላጅ ፊት የሚቀርበው ምርጫ ሁለት ነው፦ በሆድ በኩል የሚደረግ እጥበት ወይም በማሽን የሚደረግ የደም እጥበት።

የሆድ እጥበት ቤት ውስጥ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ሌሊት ልጁ ተኝቶ ማሽኑ የማጠቢያ ፈሳሹን ሆድ ላይ በተተከለ ቱቦ ያስገባል፣ ያስወጣል፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳል። የደም ሥራቸው ገና ቀጭን ለሆነ ጨቅላዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው። ጣጣው ፔሪቶናይተስ ነው፣ የሆድ ዕቃ ሽፋን ኢንፌክሽን። ባክቴሪያው ቱቦው ሲገጠምና ሲፈታ በደንብ ካልታጠበ እጅ፣ ወይም ቱቦው ከሚወጣበት ቀዳዳ ሊገባ ይችላል። ደግነቱ፣ ደግነት ከተባለ፣ ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ የሚወጣው ፈሳሽ ይደፈርሳል። ሆድ ሕመምና ትኩሳት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ የደፈረሰውን ከረጢት ይዛችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ። ሕክምናው አንቲባዮቲክ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ፈሳሽ ተጨምሮ ሆድ ውስጥ ይገባል። ኢንፌክሽኑ ከተደጋገመ ግን ሽፋኑ ይጎዳል፣ እጥበቱም አቅም ያጣል።

የደም እጥበት ይህን ስጋት ያስቀራል። ግን በአብዛኛው በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ሕክምና ቦታ መቀመጥ አለ፤ የምግብና የመጠጥ ቁጥጥሩም ጠበቅ ይላል። በካቴተር፣ ማለትም ትልቅ ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቱቦ ከሆነ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ቀጥታ ደም ውስጥ ነው፤ ይሄ አይቀለድበትም። ፊስቱላ፣ ማለትም ክንድ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ ሥሮችን በቀዶ ሕክምና ማገናኘት፣ ይሻላል፤ ለትንሽ ልጅ ግን መሥራቱ ከባድ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ እጅ መታጠብና ጭንብል ማድረግ የማይሰለቸው ሰው ቤት ውስጥ ካለ የሆድ እጥበቱን እመርጣለሁ። ሆዱ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ልጅ ግን ላይሆን ይችላል።