የዋሽንግተን የማታ ዜና፦ ቻናል 4 ወይስ ፎክስ 5?

ሁለቱም የዋሽንግተን ዲሲ የአካባቢ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ናቸው፤ በተራ አንቴና፣ ያለ ክፍያ ይታያሉ። ልዩነቱ የሚጀምረው ከሰዓቱ ነው። ፎክስ 5 በአሜሪካ አቆጣጠር ማታ 10 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ቻናል 4 ደግሞ 11 ላይ። በጠዋት ሥራ ለሚገባ ሰው ያቺ አንድ ሰዓት ቀላል አይደለችም።

ፎክስ 5ን ከኬብሉ ፎክስ ኒውስ ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው። ባለቤታቸው አንድ ቢሆንም የዜና ክፍላቸው የተለያየ ነው። የ5 ዋና ሥራ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወሬ ነው፦ ወንጀል፣ መንገድ፣ የአየር ሁኔታ።

ቻናል 4ን ከፍ የሚያደርገው ግን ታሪኩ ነው። ጂም ቫንስ እዚያ ለ45 ዓመታት ገደማ ዜና አንብቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 እስከሞተበት ድረስ። ከ1989 ጀምሮ አጠገቡ የምትቀመጠው ዶሪን ጌንዝለር ነበረች። ቫንስ ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር ያደረገውን ትግል ለተመልካቹ በግልጽ ተናግሯል። ከተማው ፊቱን አላዞረበትም፤ እንዲያውም ይበልጥ ወደደው። እንዲህ ያለ መተማመን በስቱዲዮ መብራትና በግራፊክስ አይገዛም።

ቶሎ መተኛት ካለባችሁ 5ን ክፈቱ። እኔ ግን እስከ 11 አምሽቼም ቢሆን 4ን እመርጣለሁ።