የእናቴን ጽጌረዳ ላተረፉልኝ አትክልተኛ

ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ለመጠቆምም ጭምር። ግቢያችሁ ውስጥ ያለ አበባ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ግራ የገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከካዛንቺስ ስንነሳ እናቴ ከቤት ዕቃው ሁሉ አስቀድማ ያስጫነችው ሁለት እግር ጽጌረዳ ነው። ከነአፈራቸው በጆንያ ጠቅልላ፣ መንገዱን ሙሉ በእጇ ደግፋ አመጣቻቸው። አንዷን ሰሚት ባለው አዲሱ ቤታችን መስኮት ሥር፣ ሌላዋን በሩ አጠገብ ተከልናቸው። ሁለቱም ጸደቁ። በመጀመሪያው ዓመት አበቡልንም።

እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ውሃ ማጠጣቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ውሃ ባለበት ቀን ማታ ከሥራ ስገባ ጎማውን ይዤ ቅጠሉንም ግንዱንም አርሳለሁ። ውሃ በሌለበት ቀን ከሮቶ በጆግ እቀዳለሁ። አንድም ቀን አላስቀረሁም። ኅዳር ላይ የመስኮቷ ጽጌረዳ የታች ቅጠሎቿ ቢጫ መሆን ጀመሩ። ቀጥሎ እምቡጦቿ ሳይፈነዱ አንገታቸውን ደፉ። የጠማት መሰለኝና ውሃውን ጨመርኩላት። ባሰባት። አንድ የጠራሁት ሰው ደግሞ «ማዳበሪያ ነው የጎደላት» ብሎ ነጭ ፍሬውን ሥሯ ላይ በትኖ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ የቅጠሎቿ ጠርዝ እንደተጠበሰ ሆነ። እናቴ ጠዋት ጠዋት እየወጣች ታያትና ምንም ሳትናገር ትመለሳለች። በጣም ያስጨነቀኝ እሱ ዝምታዋ ነው።

ጋሼን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ስማቸውን ሳላስፈቅዳቸው እዚህ መጻፍ ስላልፈለግኩ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ሆለታ አበባ እርሻ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ጽጌረዳ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጡ። ቡና ልናቀርብ ስንል «ቆዩ፣ መጀመሪያ በሽተኛዋን ልያት» አሉ። ተንበረከኩና ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብለው አፈሩን በጣታቸው ቆፈሩ። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አራት ጣት ያህል ሲገቡ ግን ጭቃ ነው። ጥቁር፣ እንደ ሊጥ እጅ ላይ የሚጣበቅ ጭቃ። ቆንጠር አድርገው አሸተቱና ለእኔም አስጠጉልኝ። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

«ልጄ፣ ይቺ ውሃ አላነሳትም፣ በዝቶባታል» አሉኝ። «ሥር አየር ይፈልጋል። መረሬ አፈር አንዴ ውሃ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። አየሩ የሚገባበት ሁሉ በውሃ ሲሞላ ሥሩ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ለዚህ ነው ውሃ መሃል ቆማ የጠማት የምትመስለው።» እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ትሰማ ነበር። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ለካ ለአበባም ነው» አለች።

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። የተበተነውን ማዳበሪያ ከላይ ጠርገው አነሱ። ጽጌረዳዋን በጥንቃቄ አውጥተው የጠቆረውን ሥር በመቀስ ቆረጡ። ጉድጓዱን አስፍተው አፈሩን ከአሸዋና በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቀሉ። መልሰው ሲተክሏት ቦታውን ከግቢው ወለል አንድ ስንዝር ከፍ አደረጉት፣ ውሃው ዙሪያዋን እንዳይተኛ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀስ አድርገው አጠጧትና «ጣትሽን ሳታስገቢ ጠብታ እንዳትጨምሪ» ብለው አስጠነቀቁኝ።

እኔን የገረመኝ ግን የበሯ ጽጌረዳ ናት። እሷም ጠውልጋ ስለነበር ያው በሽታ መስሎኝ ነበር። ጋሼ እዚያም ቆፈሩ። ለካ ቤቱ ሲሠራ እዚያ ጋ ገረገንቲ፣ ያ ጠጠር የበዛበት መሙያ አፈር፣ ተሞልቷል። ውሃው ወዲያው ሰርጎ ይጠፋል። እሷ እውነትም ጠምቷታል! በአንድ ግቢ፣ በአሥር እርምጃ ርቀት፣ አንዷ ውሃ በዝቶባት፣ ሌላዋ አንሷት። እኔ ለሁለቱም እኩል ሳጠጣ ነው የከረምኩት። ለእሷ አፈሩን በፍግ አደለቡላት፣ ዙሪያዋን ገለባ አለበሱላት። ሁለት ሊትር ሃይላንድ ታች በኩል በጋለ ምስማር ቀዳዳ አበጁለትና ግማሹን ሥሯ አጠገብ ቀበሩት። ውሃ ሞልቼ ክዳኑን ላላ ሳደርገው ጠብ ጠብ እያለ ሥሯ ዘንድ ይደርሳል። ሆለታም ጽጌረዳው የሚጠጣው በጠብታ መስኖ እንደሆነ ነገሩኝ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣልን ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ያስተማሩኝን ባጭሩ ላካፍላችሁ። በበጋ ለአንድ ትልቅ እግር ጽጌረዳ በአንድ ጊዜ ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር ያህል ይበቃታል። መረሬ ላይ ያለችውን በሳምንት አንዴ፣ ገረገንቲ ላይ ያለችውን ሁለቴ አጠጣለሁ። ግን ከቀኑ በላይ ጣቴን አምናለሁ። አራት ጣት ወደ ታች እርጥብ ከሆነ እተዋለሁ። ውሃውን ባንዴ አልደፋም፤ ሦስት ቦታ ከፍዬ፣ የመጀመሪያው ሰርጎ ሲያልቅ ሁለተኛውን እጨምራለሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ ፀሐይ ስትበረታ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

ሰዓቱ ጠዋት ነው፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት። ማታ የረጠበ ቅጠል እስኪነጋ አይደርቅም፤ ያ ጥቁር ነጠብጣብ የሚወጣበት በሽታ የሚይዘውም በእርጥብ ቅጠል ነው። ስለዚህ ጎማውን ቅጠል ላይ መልቀቅ ተውኩ። ቀትር ላይ ጠውልጋ ማታ የምትቃና ከሆነ ሙቀቱ ነው፣ አትደንግጡ። ጠዋትም ጠውልጋ ካገኛችኋት ግን አፈሩን ቆፍራችሁ እዩ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ እንዲይዝ ዙሪያዋን የታጠረ አፈር ካለ በአንድ በኩል ክፈቱት፣ ዝናቡ ይውጣ። መስከረም ሲያልቅ መልሳችሁ ትዘጉታላችሁ።

ጋሼ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳልጠራቸው መጥተው የመስኮቷን ጽጌረዳ አዩዋት። ለዚያኛው ሳንቲም አልተቀበሉኝም። በወሩ ከግንዷ ሥር ቀይ ቀይ ለጋ ቅጠል አወጣች። ለፋሲካ ደግሞ ሰባት አበባ ሰጠችን። እናቴ ሦስቱን ቆርጣ ጠረጴዛው ላይ አደረገች፣ አራቱን «እዚያው ይታዩ» አለች። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ለግማሽ ቀን ሥራ 800 ብር ነው የከፈልኩት፤ አሸዋና ፍጉን እኔ ነኝ ያቀረብኩት። ሰሚት፣ አያት፣ ሲኤምሲና ገርጂ አካባቢ ይሠራሉ። እሑድ አይሠሩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እልክላችኋለሁ። ደውላችሁ ካላነሱ እጃቸው አፈር ውስጥ ነው ማለት ነውና ቆየት ብላችሁ ድገሙ።