እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ

ስሜን አትጥራ ብለውኛል። «ስልኬ ሲጮህ ሊውል ነው፣ ተወኝ» አሉ። እሺ ብያለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ጋሼ ብቻ ናቸው። ለካያኬ፣ ለትንሿ የአንድ ሰው ጀልባዬ፣ ሞተር ስለገጠሙልኝ ያለኝን ምስጋና ግን በሆዴ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ያደግኩት ባሕር ዳር፣ ከጣና አፍንጫ ሥር። ውኃ ሳላይ ያለፈ ሳምንት ሳምንት አይመስለኝም። ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ባለ ፔዳል ካያክ ገዛሁ። እንደ ብስክሌት ስትረግጠው ከሥር ያለው ፕሮፔለር ይዞራል፣ እጅህ ለመንጠቆው ነጻ ይሆናል። የደንገል ታንኳ የለመደ ሰው ለዚህ ምን ይላል? እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በርክ ሐይቅ መውረድ ልማዴ ሆነ።

ከዚያ ቀኝ ጉልበቴ ታመመ። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ስነዳ የምረግጥበት እሱ ነው፣ እሑድ ደግሞ ፔዳል። ሐኪሙ «ፔዳሉን ቀንስ» አለኝ። ሞተር ላስገጥም አልኩ። በርክ ሐይቅ ላይ የቤንዚን ሞተር ክልክል ነው፣ የሚፈቀደው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። እኔም ጸጥ ያለውን ነበር የምፈልገው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሰው ማንነት ይቅር። 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የመኪና ዓይነት ባትሪ ከወንበሬ ኋላ ከፍ አድርጎ አስቀመጠልኝ። ሽቦው ቀጭን ነው፣ ፊውዝ የሚባል ነገር የለም። ገንዘቡን ተቀበለ፣ «አሳ ስታወጣ አስበኝ» አለኝ። ሐይቁ መሃል ስደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሽቦውን ብነካው ይፋጃል። ለማጥፋት ወደ ኋላ ዞር ስል ያ ሁሉ ክብደት አብሮኝ ዞረ። ተገለበጥኩ። ዋና እችላለሁ ባይ ነኝ፤ የሚያዝያ ውኃ ግን የቻልከውን ያስረሳል። ያተረፈኝ የለበስኩት የሕይወት ጃኬት ነው። መንጠቆዎቼ እዚያው ቀሩ።

ከዚህ በኋላ ነው አንድ ጓደኛዬ ወደ ጋሼ የወሰደኝ። ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ስለ ሞተሩ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን አምጥተው «ውጣበት» አሉኝ። ቀጥለው «አሳውን በየትኛው ጎን ነው የምታወጣው?» አሉ። በቀኝ። «በል እንግዲያው ክንዱ በግራ ነው» አሉ።

ክንድ የሚሉት ከካያኩ ጎን በዘንግ ወጣ ብሎ ውኃ ላይ የሚተኛውን ተንሳፋፊ ነው፤ ፈረንጆቹ አውትሪገር ይሉታል። እኔ በሁለቱም ጎን እንዲሠሩልኝ ፈልጌ ነበር። አንዴ የተገለበጠ ሰው እኮ አራትም ቢሆን አይጠላም። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ሁለት ከሆነ ውኃ መጎተቱ ይብሳል፣ አሳ የምታወጣበት ጎን ይዘጋል፣ መኪና ላይ ስትጭነውም ፍዳህን ታያለህ። የሃዋይ ሰዎች በአንድ ክንድ ነው ባሕር ላይ የኖሩት፣ እነሱም በግራ ነው የሚያስሩት አሉኝ።

አንድ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። ወደ ግራ ባጋድል ተንሳፋፊው ይደግፈኛል፣ ገባኝ። ወደ ቀኝ ባጋድልስ? ጋሼ ፈገግ አሉ። ባዶውን ተንሳፋፊ በአንድ ጣት ብድግ አደረጉትና «ይሄ ያድንሃል?» አሉኝ። አያድነኝም። ክዳኑን ከፍተው በሊትር እየለኩ 4 ሊትር ውኃ ጨመሩበትና መልሰው ዘጉት። ዘንጉ 1 ሜትር ከ20 ነው፤ ጫፉ ላይ 4 ኪሎ ሲንጠለጠል እንደገና በጣቴ እንዳነሳው ጠየቁኝ። ሞከርኩ። እሱ ቀርቶ ጣቴ ነው የታጠፈው። ወደ ግራ ስታጋድል የሚይዝህ መንሳፈፉ ነው፣ ወደ ቀኝ ስታጋድል ደግሞ ክብደቱ። ክንዱ ከውኃው ብድግ ሲል «ልብ በል» እያለህ ነው። ይህችን አንድ ነገር ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ሐይቅ ላይ ስንሞክረው የካያኩ አፍንጫ ወደ ግራ እየጎተተ አስቸገረ። ተንሳፋፊው በግራ ውኃ ስለሚይዝ ነው። እኔ መሪውን ይዤ ስታገል ጋሼ ዳር ቆመው ያያሉ። ማታ ሞተሩን ከመሃል ነቅለው አንድ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ክንዱ ጎን አስጠጉት። በማግስቱ ቀጥ ብሎ ሄደ። መሪውን ለቅቄ ቡና ከፔርሙስ ቀዳሁ።

ሞተሩ የመግፋት ጉልበቱ 55 ፓውንድ ነው። 80ውን ልግዛ ብዬ ነበር። «ገንዘብህን ለልጆችህ አድርገው» አሉኝ። ለካ እንዲህ ያለ አጭር ካያክ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ጉልበት ቢጨመርለት ማዕበል ከመቆለል በቀር አይፈጥንም። ባትሪውን ባለ 50 አምፔር ሰዓት ሊቲየም አደረጉት። 6 ኪሎ ገደማ ነው፣ የሚቀመጠውም ወለሉ ላይ ዝቅ ብሎ ነው። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ 50 አምፔር ስለሚበላ እንደዚያ ከነዳህ አንድ ሰዓት ነው። እኔ ዝግ ብዬ ስለምሄድ ግማሽ ቀን ይቆይልኛል። ሽቦው ወፍራም ነው፣ ከባትሪው አጠገብ ደግሞ የ60 አምፔር ማቋረጫ አለው፤ ከዚያ በላይ ሲያልፍ ራሱ ያጠፋል። የካያክ ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይቀበልምና ዘንጉን የያዙት የማይዝጉ ብሎኖች ናቸው፣ ከውስጥ በኩል ሳህን ተደርጎላቸዋል። ክንዱ በሁለት ፒን ነው የሚፈታው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ነገር ላስታውስ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሞተር የገባለት ጀልባ፣ ኤሌክትሪክም ቢሆን፣ መመዝገብ አለበት። እኔ አላውቅም ነበር። ጋሼ ቁጥሩ ካልተለጠፈ ካያኩን ከጋራዥ አላስወጣም አሉ። አላስወጡምም።

እንከን የለባቸውም አልልም። በአንድ ሳምንት ይደርሳል ያሉት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስልክ አያነሱም፣ መልእክት ነው የሚያዋጣው። ወሬ ከጀመሩም ቶሎ አይለቁም፤ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። የወሰዱት ግን የእጃቸውን ብቻ ነው። የዕቃውን ደረሰኝ አንድ በአንድ ሰጡኝ፣ የተረፈውን ሽቦ ሳይቀር በፌስታል አድርገው መለሱልኝ።

አሁን ስሄድ በሞተር ነው፣ ስመለስ ጉልበቴ ከፈቀደ ቀስ ብዬ እረግጣለሁ። ባለፈው እሑድ በቀኝ በኩል አንድ ደህና አምባዛ ያዝኩ። ሙሉ ሰውነቴን ወደ እሱ አጋደልኩ፣ ክንዱ በግራ ብድግ አለ፣ እኔም ልብ አልኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ግማሹን ለጋሼ ወሰድኩላቸው። አምባዛ አልወድም አሉ። በሚቀጥለው የጣናውን አሳ፣ ቆሮሶ፣ ፈልግ ብለውኛል፤ በርክ ሐይቅ ላይ ከየት እንደማመጣው እግዜር ይወቅ።

ካያክ ወይም ትንሽ ጀልባ ኖሯችሁ ሞተርም ሆነ ክንድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጋሼን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የካያኩን ርዝመትና የራሳችሁን ኪሎ አብራችሁ ጻፉ። ኪሎውን ቀንሳችሁ አትንገሯቸው፣ ሚዛኑ በር ላይ ነው ያለው።