ጣት እየወጉ መለካት ወይስ ክንድ ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር? ለጅማ የስኳር ታካሚዎች ንጽጽር

ስኳሩን ቤቱ ሆኖ የሚከታተል ሰው ዛሬ ሦስት ዓይነት መሣሪያ ያገኛል። የመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው፣ ጣት ተወግቶ በስትሪፕ ደም የሚለካው ግሉኮሜትር ነው። ሁለተኛው ክንድ ላይ ተለጥፎ 14 ቀን የሚቆይና ስልክ ወይም ማንበቢያ ሲያስጠጉት ቁጥር የሚሰጠው የአቦት ኩባንያ ፍሪስታይል ሊብሬ እና ሊብሬ 2 ነው (ሊብሬ 2 በአንዳንድ አገሮች በአዲሱ የስልክ መተግበሪያ ሳያስጠጉትም ቁጥር ይልካል)። ሦስተኛው ሳይጠየቅ በየጊዜው ቁጥር የሚልከው ነው፤ ዴክስኮም ጂ6፣ ዴክስኮም ጂ7 እና ሊብሬ 3 እዚህ ይመደባሉ። ጅማ ውስጥ የማያቸው ሴንሰሮች በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚገቡ ናቸው። ተሳስቶ የገዛ ሰው መልሶ የሚለውጥበት ሱቅ ስለሌለው ከመክፈሉ በፊት ማወቅ ያለበት ብዙ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ኢንሱሊን የሚወጋና በተለይ ሌሊት ስኳሩ የሚወርድበት ሰው አቅሙ ከፈቀደ ስኳር ሲወርድ የሚጮኽ ደወል ያለውን ሴንሰር ይግዛ። በኪኒን ብቻ የሚታከምና ስኳሩ እምብዛም የማይወርድበት ሰው ግን ያንኑ ገንዘብ ለስትሪፕ ቢያውለው ይጠቀማል። ሴንሰር ያለውም ቢሆን ግሉኮሜትሩን ከቤት አያውጣ።

ምክንያቱ ሴንሰሩ ደም የማይለካ መሆኑ ነው። ከቆዳ ሥር ያለች ቀጭን ክር የምትለካው በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘውን ስኳር ሲሆን፣ ያ ፈሳሽ ከደም ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ወደኋላ ይቀራል። ስኳሩ በተረጋጋ ሰው ላይ ልዩነቱ አይታይም። ኢንሱሊን ወግቶ የጅሬንን ዳገት በእግር በወጣ ሰው ላይ ግን ደሙ 60 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ሲደርስ ሴንሰሩ ገና 80 ሊል ይችላል። ሲመለስም እንዲሁ ነው፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ ደሙ ማገገም ከጀመረ በኋላ ስክሪኑ መውረዱን ይቀጥላል። በፍርሃት ሁለተኛና ሦስተኛ ብርጭቆ የሚጨምሩ ሰዎች ከሁለት ሰዓት በኋላ 300 የሚያዩት በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ 15 ግራም ያህል ስኳር ተወስዶ፣ 15 ደቂቃ ተጠብቆ ማገገሙ የሚረጋገጥበት መሣሪያ ግሉኮሜትር ነው።

አምራቾች የትክክለኛነት መለኪያ አድርገው የሚያቀርቡት ማርድ የሚባል ቁጥር አለ፤ ሴንሰሩ ከላቦራቶሪ ውጤት በአማካይ በስንት በመቶ እንደሚርቅ ያሳያል፣ ሲያንስም የተሻለ ነው። በአምራቾቹ ጥናት በአዋቂዎች ሊብሬ 2 ወደ 9.2፣ ሊብሬ 3 ወደ 7.9፣ ጂ7 ክንድ ላይ ሲለጠፍ 8.2 በመቶ ይዘዋል። እነዚህን ቁጥሮች አይቶ ብቻ ሊብሬ 3ን ከጂ7 ማስበለጥ ትክክል አይመስለኝም። ሁለቱ በተመሳሳይ ሰዎች ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈው፣ ስኳር ሆን ተብሎ ከፍና ዝቅ እየተደረገ በገለልተኛ ወገን ሲፈተኑ ሁለቱም ወደ 12 በመቶ ተጠግተው ተገኝተዋል። ደግሞም ማርድ አማካይ ነው። ሴንሰሩ 200 አካባቢ በጣም ጥሩ ሆኖ 55 ላይ ደካማ ቢሆን አማካዩ ያንን ይሸፍነዋል፤ ሕይወት የሚያሰጋው ግን 55ቱ ነው። ሻጭ ወይም ዘመድ ሲጠየቅ ከ70 በታች እንዴት እንደሚለካ መጠየቅ የሚሻለው ለዚህ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መስፈርት ከ70 በታች ያሉ ንባቦች ብቻቸውን እንዲመዘኑ አድርጓል፤ መስፈርቱን መጀመሪያ ያለፈው ጂ6 ሲሆን፣ ጂ7፣ ሊብሬ 2 እና ሊብሬ 3ም ተከትለዋል። የመጀመሪያው ሊብሬ በዚህ ውስጥ የለም፤ ደወልም የለውም። በርካሽ ቢቀርብም ሌሊት ስኳሩ ለሚወርድበት ሰው አልመክረውም።

ግሉኮሜትርስ? አይ ኤስ ኦ 15197 የተባለው እ.ኤ.አ. የ2013 ዓለም አቀፍ ደረጃ ከ100 ሚሊግራም በታች ባሉ ልኬቶች ከመቶ 95ቱ በ15 ሚሊግራም ልዩነት ውስጥ፣ ከዚያ በላይ ባሉት ደግሞ በ15 በመቶ ውስጥ እንዲገኙ ያዛል። ጥሩ ግሉኮሜትር በንጹሕ እጅ ከተለካበት ከሴንሰር የበለጠ ይታመናል። ማንጎ ልጦ ወይም ማር ነክቶ ሳይታጠብ የለካ ሰው ግን የሚያነበው የጣቱን ስኳር ነው። በጅማ ዝናብና እርጥበት ደግሞ ክዳኑ ላልቶ ያደረ የስትሪፕ ብልቃጥ ይበላሻል፤ አንድ ስትሪፕ ወጥቶ ክዳኑ ወዲያው መዘጋት አለበት።

ሴንሰርን የሚያሳስቱት ነገሮች ሌሎች ናቸው፤ ከሁሉም ሰውን የሚያስደነግጠው የተለጠፈበትን ክንድ ተጭኖ መተኛት ነው። ልጇ ሴንሰር የለጠፈ አንዲት ጎረቤታችን እኩለ ሌሊት ላይ ስልኳ ጮኸና 58 አነበበች። ስኳር በውኃ በጥብጣ ልትቀሰቅሰው ስትጠጋ ልጇ በሴንሰሩ በኩል ተኝቷል። አገላበጠችው፣ ጣቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ አደረቀችና ወጋችው፤ ግሉኮሜትሩ 112 አለ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሴንሰሩም ከመቶ በላይ ተመለሰ። ግሉኮሜትር ባይኖራት ኖሮ ደህና የነበረ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ሲጠጣ ያድር ነበር።

መድኃኒትም ያሳስታል። በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ የሊብሬ 2 እና የሊብሬ 3ን ንባብ በሐሰት ከፍ ያደርጋል፤ ለጉንፋን የሚወሰደው ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ኪኒን ብቻውን 1,000 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል። ጂ6 እና ጂ7 ፓራሲታሞልን የሚችሉት በየ6 ሰዓቱ እስከ 1 ግራም ብቻ ነው፤ ሃይድሮክሲዩሪያ (ለአንዳንድ የደም በሽታዎች የሚሰጥ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው ደግሞ አይሆኑም። በሐሰት ከፍ ያለ ቁጥር የወረደ ስኳርን ይደብቃል፣ ያለአግባብ ኢንሱሊን እንዲወጋም ይገፋፋል። የመጀመሪያው ቀንም የሁሉም ሴንሰር ደካማ ቀን ስለሆነ የዚያን ዕለት የኢንሱሊን መጠን በጣት ልኬት ይወሰን። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ወር አቦት አንዳንድ የሊብሬ 3 እና የሊብሬ 3 ፕላስ ሴንሰሮች በስህተት ዝቅተኛ ቁጥር እንደሚያሳዩ አስታውቋል፤ በሰው እጅ የደረሰዎት ካለ የካርቶኑን መለያ ቁጥር በኩባንያው ድረ ገጽ ያመሳክሩ።

መብራት ሲጠፋስ? ሴንሰሩ የራሱ ባትሪ ስላለው መለካቱን አያቆምም። ሊብሬ 2 የ8 ሰዓት፣ ጂ6 የ3 ሰዓት፣ ጂ7 የ24 ሰዓት መረጃ ይዞ ይጠብቃል። ስልኩ ከሞተ ግን ደወሉም አብሮ ይሞታል፤ ሌሊት ለሚጠብቅ ወላጅ የስልክ ፓወር ባንክ ከሴንሰሩ ጋር የሚገዛ ዕቃ ነው። የሊብሬ 2 ማንበቢያ እዚህ ላይ ይመረጣል፤ ያለ ስልክ ይሠራል፣ የራሱን ስትሪፕ ካገኙለትም ደም ይለካል።

ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ገንዘብ ከመላኩ በፊት ዘመዱን እነዚህን ይጠይቅ። ከእንግሊዝ የሚመጣ ማንበቢያ የሚያሳየው በሚሊሞል ነው፤ እኛ 99 የምንለውን 5.5 ይለዋል፣ አይቀየርምም። በአንድ አገር የተሸጠ ሴንሰር በሌላ አገር የስልክ መተግበሪያ አልነሳ ሊል ይችላል። ጂ6 በ10 ቀኑ ከሚጣለው ሴንሰር ሌላ 3 ወር የሚያገለግል ማስተላለፊያ ይፈልጋል፤ ያለ እሱ ካርቶን ሙሉ ሴንሰር ዋጋ የለውም። ጂ7 ይህ ችግር የለበትም፤ ሁሉንም በአንድ ይዟል፣ ከተለጠፈ በ30 ደቂቃም ሥራ ይጀምራል። ሊብሬ አንድ ሰዓት፣ ጂ6 ሁለት ሰዓት ያስጠብቃሉ። የዴክስኮም ሴንሰር ከ2 እስከ 30 ዲግሪ መቀመጥ ስላለበት ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዋለን አይቀበሉ።

በዓመት አንድ ሴንሰር ብቻ መግዛት የሚችል ሰውም አለ። እሱ የሚለጥፍበትን ሁለት ሳምንት ይምረጥ፦ ኢንሱሊኑ የተቀየረበት ጊዜ ወይም ረመዳን ጥሩ ነው። ጾመኛ ስኳሩ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙን እንዲፈታ ሐኪሞች ስለሚመክሩ፣ ከአስር ሰላት እስከ ኢፍጣር ያለውን መስመር ማየት ብዙ ያስተምራል። የበላውንና የወጋውን በሰዓቱ ይጻፍ፣ በቀን አንድ ጊዜ በጣት ያመሳክር፣ ግራፉን ይዞ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሆነ በሌላ ቦታ ወዳለው የክትትል ቀጠሮው ይሂድ፤ የኢንሱሊኑ መጠን በሐኪሙ ፊት ይስተካከላል።