ኢበርድ፦ በማላውቀው አገር ዳክዬዎቹ ጋ ያደረሰኝ አፕ

ባለፈው ገና እህቴን ለመጠየቅ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ነበር። አዳማ እያለሁ ቅዳሜ ሲመጣ ባይኖኩላሬን አንግቼ ዝዋይ ወይም ቢሾፍቱ ብቅ እላለሁ። ዝዋይ ላይ የትኛው ቄጠማ ውስጥ ማን እንደሚደበቅ አውቃለሁ። አሌክሳንድሪያ ላይ ግን የማውቀው የእህቴን በርና የሀበሻ ሱቁን ብቻ ነበር። ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፏል። ፀሐይ አመሻሹ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሦስት ሳምንቴን በፍለጋ ብቻ ልጨርሰው ነው ብዬ ሰግቼ ነበር።

ያዳነኝ ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽና አፕ ነው። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 ኦዱቦን ከሚባለው የወፍ ጥበቃ ማኅበር ጋር የጀመረው ነው። ነፃ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ወፍ የሚያዩ ሰዎች የት፣ መቼ፣ ምን ያህል እንዳዩ ይመዘግባሉ፤ አንተ ደግሞ ከፍተህ ታያለህ። ወፍ አዘውትሮ የሚታይባቸውን ቦታዎች ሆትስፖት ይሏቸዋል። እኛ ሆትስፖት ስንባል ኢንተርኔት ነው የሚመጣልን፤ ይሄኛው ሌላ ነው። ካርታው ላይ በየቦታው ነጥብ ተተክሏል፤ ብዙ ዓይነት ወፍ የታየበት ነጥብ ወደ ቀይ ይጠጋል።

በመጀመሪያው ቀን ቀዩን እየመረጥኩ ልሄድ ነበር። ያ ለብርዱ ወቅት አያዋጣም። ቀዩ ነጥብ የዓመቱን ሁሉ፣ የብዙ ዓመታትን ድምር ነው የሚያሳየው። ዛፉ ሲያቆጠቁጥ በወፍ የሚጨናነቅ ጫካ ታኅሣሥ ላይ ጭር ሊል ይችላል። ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ የቦታውን የወራት ሠንጠረዥ ክፈቱ። ከእያንዳንዱ ወፍ ስም ጎን በየሳምንቱ የተከፋፈለ አረንጓዴ መስመር አለ። መስመሩ ሲወፍር ያ ወፍ በዚያ ሳምንት በብዛት እየታየ ነው፤ ሲቀጥን ብርቅ ነው። እኔ ዓይኔን የዲሴምበርና የጃንዋሪ ዓምድ ላይ ብቻ ተከልኩ። ቀጥዬ ባለፉት ጥቂት ቀናት ማን ሄዶ ምን እንዳየ አነበብኩ። ከዚያ ሁሉ ነጥብ ውስጥ ሦስት ቦታ ቀረኝ፤ ሦስቱም ውኃ አለባቸው።

አንደኛው ሀንትሊ ሜዶውስ የሚባለው ረግረግ ያለበት ፓርክ ነው። ከእህቴ ቤት ብዙ አይርቅም፤ መግቢያውም ነፃ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጫማዬን ሳስር እህቴ ከመኝታ ቤት ወጣች።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ብርድ ወዴት ነው?»

«ወፍ ላይ፣ እታለም።»

«ወፍ አዳማም ሞልቶልሃል!» አለችና የባሏን ኮፍያ ጆሮዬ ድረስ ደፋችልኝ። አሳድጋኛለችና ዝም ብዬ አደረግኩት። ኮፍያው ባይኖር ያን ጠዋት አልችለውም ነበር።

ከመኪና ማቆሚያው በጫካ ውስጥ ትንሽ ከተሄደ በኋላ መንገዱ የእንጨት ድልድይ ይሆንና ረግረጉ ውስጥ ይገባል። ዳር ዳሩ በረዶ ሠርቷል። ክፍት የቀረው መሐሉ ብቻ ነው፤ ዳክዬው ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። አንድ ትልቅ ሰው ቴሌስኮፕ ተክለው ቆመዋል። ሳልጠይቃቸው ጎንበስ ብዬ እንዳይ ጠቆሙኝ። ሁድድ መርጋንሰር የሚሉት ትንሽ ዳክዬ ነበር። ወንዱ ራሱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቢጫ ነው። እንስቷ ስታልፍ ጎፈሬውን ቀጥ አድርጎ አቆመው፤ ነጩ እንደ ማራገቢያ ተዘረጋ። አለፈች። ጎፈሬው ተመልሶ ነጭ ሰረዝ ብቻ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ከጀርባው ግን የማውቀው ዳክዬ ነበር። ራሱ ቡናማ፣ አንገቱ ነጭ፣ ጭራው እንደ ወስፌ የሾለ። ፒንቴይል ነው! አጠገቡም ምንቃሩ እንደ ጭልፋ የሰፋው ሾቭለር። ሁለቱንም ዝዋይ ላይ በየበጋው አያቸዋለሁ። የኛዎቹ ከሩሲያ በኩል ይመጣሉ፤ የቨርጂኒያዎቹ ከካናዳ በኩል ይወርዳሉ። ዘራቸው አንድ ነው፣ አበላላቸውም ያው። ፒንቴይሉ እዚህም እዚያም ራሱን ውኃ ውስጥ ደፍቶ ጭራውን ወደ ሰማይ ይሰቅላል። እዚያ ድልድይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግድነቴን ረሳሁት።

በሳምንቱ ብርዱ በረታና ረግረጉ ሙሉ በሙሉ ቀዘቀዘ። ኢበርድን ከፈትኩት። የሀንትሊ ዝርዝር ሳስቷል፤ ሁለተኛው ቦታዬ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ዳይክ ማርሽ ግን ደርቷል። ትልቅ ወንዝ ቶሎ አይቀዘቅዝምና ዳክዬው ወደዚያ ሄዷል ማለት ነው። ሄድኩ፣ ነበሩ። ለእንግዳ ሰው ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። የጉዞ መጽሐፍ ቦታውን ይነግርሃል፤ ይሄ ግን የዚህን ሳምንት ሁኔታ ነው የሚነግርህ።

ሦስተኛው ሜሰን ኔክ ነው፤ በመኪና ራቅ ይላል። እዚያ ያለው የዱር እንስሳት መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1969 ራሰ ነጩን ንስር ለመጠበቅ የተቋቋመ ነው። ንስሩንም፣ ከአርክቲክ መጥተው የሚከርሙትን ነጫጭ ስዋኖችም አየሁ። ስለዚህ ቀን ለብቻው እጽፋለሁ።

ስለ መርሊንም ትንሽ ልበል፤ የዚያው ማዕከል አፕ ነው፣ ይሄም ነፃ። ስልኩን ስትዘረጋ የሰማውን ድምፅ የማን እንደሆነ ይነግርሃል። የአካባቢውን ወፎች ቀድመህ ካወረድክ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ካሮላይና ሬን የምትባለውን፣ ድምፅዋ ከቁመቷ አሥር እጥፍ የሆነችውን ቡናማ ወፍ ያወቅኳት በእሱ ነው። ቢሆንም ወፉን በዓይኔ ካላየሁ አልመዘግብም። እናንተም አትመዝግቡ፤ ዝርዝሩን የሚያምን ሌላ እንግዳ አለ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ነጥቡ ካርታው ላይ ረግረጉ መሐል ሊሆን ይችላል፤ የመግቢያ በሩን በሌላ ካርታ ፈልጉ። የሰው ግቢ ከሆነ ደግሞ አትግቡ። ስልካችሁን ከካፖርቱ ሥር፣ ደረታችሁ ላይ አድርጉት። የኔ ባትሪ ብርድ ላይ ግማሽ እያለው ጠፍቶብኛል።

በጥር መጀመሪያ አዳማ ተመለስኩ፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ዝዋይ ወረድኩ። ጀልባ ማቆሚያው ላይ አባ ኮዳዎቹ እንደ ወትሮው ዓሣ አጥማጆቹን ከበው ቆመዋል። ስልኬን አውጥቼ የኔን ዝርዝር መሙላት ጀመርኩ። ሾቭለር 31። ፒንቴይል 14፤ አንዱ ጭራውን ሰቅሏል።