ልጆቼ ወጥ ማቁላላት የተማሩበት የቤተክርስቲያን ክበብ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የምለው

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላላችሁ ወላጆች ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም በዚህ ክረምት ብቻ ስንት ሰው ደውሎ "ልጆቹን ሙያ የት ነው የምታስተምሪያቸው" እንዳለኝ አልቆጠርኩትም። ቤተክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሚቆይ የልጆች የምግብ ዝግጅት ክበብ አለ። የ11 ዓመቷን ትልቋንና የ7 ዓመቱን ትንሹን ባለፈው መስከረም አስመዘገብኳቸው፣ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ እኔም ቮለንቲር ሆኜ ገባሁ፣ ስለዚህ የምነግራችሁ አብሬ ሽንኩርት ስልጥ ከርሜ ያየሁትን ነው።

ክፍያው ለአንድ ልጅ በወር 20 ዶላር ነው፣ ለእቃ መግዣ። አቅም ለሌለው አይጠየቅም፣ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለም ልጆቹ አያውቁም፣ ይሄን በጣም ነው የምወደው።

ክበቡን የሚመሩት አገር ቤት ሆቴል ውስጥ ብዙ ዓመት ያበሰሉ እናት ናቸው፣ ልጆቹ እማማ ነው የሚሏቸው። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም ግን ማንም ልጅ እጁን ሳይታጠብ ጠረጴዛው ጋ አይደርስም። መጀመሪያ አባታችን ሆይ ይደገማል፣ ከዛ እጅ፣ ከዛ ሽርጥ፣ ከዛ ፀጉር፣ ከዛ ነው ሥራ። ትንንሾቹ ብረት ቢላ አይሰጣቸውም፣ ጥርስ ያለው የፕላስቲክ ቢላ አለ ቲማቲምና ድንች በደንብ ይቆርጣል ጣት ግን አይጎዳም፣ የሚይዘው እጅ ደግሞ ጣቶቹን እንደ ድመት ወደ ውስጥ አጥፎ ነው። እሳት አጠገብ የሚቆሙት ከ10 ዓመት በላይ ያሉት ብቻ ናቸው፣ እነሱም ትልቅ ሰው አጠገባቸው ካለ ነው።

ሁሉም ነገር የጾም ነው። መጀመሪያ ይሄን ስሰማ ልጆቹ ይሰለቻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር ግን ምክንያቱ ሲገባኝ ልክ ናቸው አልኩ፣ ጥሬ ሥጋና ጥሬ እንቁላል የለም ማለት 18 ልጅ በአንድ ኪችን ሲርመሰመስ ስለ ንጽህና የምትጨነቁበት ነገር በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ሌላው ትልቁ ነገር እዚህ አገር የተወለዱት ልጆቻችን ጾምን የሚያውቁት በክልከላ ነው፣ ይሄ አይበላም ያ አይበላም፣ ፒዛው ላይ ቺዝ አለበት ተዪው፣ በቃ ይሄው ነው ለነሱ ጾም ማለት።

አንድ ቅዳሜ በዓቢይ ጾም ሱፍ ሠሩ። የተፈለፈለ የፈረንጅ ሱፍ በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ አድሮ ነበር፣ እሱን በብሌንደር ፈጭተው በስስ ነጭ ጨርቅ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አደረጉትና እማማ ለኔ ትንሽ ልጅ "በል ጠምዝዝ" አሉት። ሁለት እጁን አጥብቆ ሲጠመዝዘው ነጩ ነገር በጣቶቹ መሀል እየተንቆረቆረ ወረደ፣ ልጁ ዞር ብሎ አየኝና "እማዬ ወተት! የጾም ወተት!" ብሎ ጮኸ። ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ትንሽ ጨው ገባበት፣ እንጀራውን ራሳቸው ቆራርሰው ፈተፈቱት። ቤት ውስጥ ሱፍ ፍትፍት ሳቀርብለት ፊቱን የሚያዞር ልጅ ሦስት ጊዜ ጨመረ፣ እጁን ሲልስ አየሁት። ከዛ ቀን ወዲህ ጾም ሲደርስ የሚጠይቀኝ "ምን አይበላም" ሳይሆን "ምን እንሠራለን" እያለ ነው።

ያልጠበቅኩት ነገር ደግሞ መቅመስ ነው። በፍልሰታ ልጆቹ ይቆርባሉ፣ ከኦገስት 7 እስከ 22 ባሉት 16 ቀናት አብዛኞቹ በየቀኑ ነው የሚቆርቡት፣ ስለዚህ ከቅዳሴ በፊት የሚሠራ ምግብ ምላሳቸው ላይ ማድረግ አይችሉም። ያለ መቅመስ ደግሞ ጨው እንዴት ይለካል? እማማ መላ አላቸው፣ በዓመቱ ውስጥ ሁሉንም ነገር በማንኪያና በኩባያ እየለኩ ግድግዳው ላይ ባለ ሰሌዳ ያጽፏቸዋል፣ ለአንድ ኩባያ ምስር ስንት ማንኪያ ጨው የሚለውን ፍልሰታ ሲደርስ ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል። እኔ እናቴ "በዓይን ነው" ብላ ስላስተማረችኝ ልኬት የሚባል ነገር አልወድም ነበር፣ አሁን ግን ለልጅ ይሄ እንደሚሻል አምኛለሁ።

በርበሬ ያለበት ቀን ሌላ ሥርዓት አለው። በርበሬ የነካ እጅ መጀመሪያ በዘይት ይታሻል ከዛ ነው በሳሙና የሚታጠበው፣ ምክንያቱም የሚያቃጥለው ነገር በዘይት እንጂ በውሃ አይለቅም። ዓይኑን ያሸ ልጅ በዓመቱ አንድ ብቻ ነው ያየሁት።

እንጀራ ላይ ግን ትዕግስት ይጠይቃል። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚፈልግ በአንድ ቅዳሜ አያልቅም፣ ስለዚህ እማማ ቤታቸው ያቦኩትን ይዘው ይመጣሉ ልጆቹ በሱ ይጋግራሉ፣ የራሳቸውን ደግሞ አይዳሆ ከሚመረተው ጤፍ በትንሽ ክዳን ባለው እቃ ከእርሾ ጋር አቡክተው ቤት ይወስዳሉ። አብሲት የሚጣለው ቤት ውስጥ ከወላጅ ጋር ነው፣ ቪዲዮ ተልኮልን አብረን ሠራነው። የትልቋ ልጄ የመጀመሪያ እንጀራ ዓይን አልነበረውም፣ አለቀሰች። ሦስተኛው ላይ የኤሌክትሪክ ምጣዱ በደንብ ስለጋለ ነው መሰለኝ ዓይኑ እንደ ማር እንጀራ ብቅ ብቅ አለ፣ ክዳኑን ከፍታ ዝም ብላ ቆማ ታየው ነበር።

ወንዶች ልጆችም አሉ፣ ግማሽ ያህሉ ወንድ ናቸው። መጀመሪያ ላይ አንዳንድ አባቶች "ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል" ብለው ነበር፣ አባ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ "ገዳም ሄዳችሁ እዩ፣ የሚያቦኩትም የሚጋግሩትም መነኮሳቱ ናቸው" አሉ፣ ነገሩ እዛው አለቀ።

ለቡሄ ደግሞ ሙልሙል ጋገሩ። ኦገስት 19 ጠዋት የስንዴ ሊጡን ጥቁር አዝሙድ ጨምረው አቡክተው ኩፍ ሲል እያንዳንዱ ልጅ በመዳፉ አድቦልብሎ ኦቨን ውስጥ አስገባ፣ ማታ ፓርኪንጉ ላይ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ ለጨፋሪ የሚሰጠው ዳቦ እነሱ የጋገሩት ነበር። እኔ ወሎ ያደግኩ ሰው ነኝ ያንን ሳይ ሆዴ ባባ።

አሁን ወደ ችግሩ፣ ምክንያቱም ልጆቻችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ማወቅ አለባችሁ። መጋቢት ላይ የሰሊጥ ፍትፍት ሲሠራ የአንዲት ልጅ ከንፈር አበጠ። እናትየው እግዚአብሔር ይመስገን ፓርኪንግ ውስጥ ነበረች መድኃኒቱም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ ልጅቷ ደህና ናት። ግን ፎርሙ ላይ "አለርጂ አለ ወይ" የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር የነበረው፣ እናትየው ደግሞ ክበቡ ውስጥ ሰሊጥ ይኖራል ብላ አላሰበችም። እዚህ አገር እኮ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሰሊጥ ዘጠነኛው ዋና የአለርጂ ምግብ ሆኖ እሽጉ ላይ መጻፉ ግዴታ ነው፣ የኛ የጾም ምግብ ደግሞ በሰሊጥና በለውዝ የተሞላ ነው። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ተናግሬያለሁም። አሁን ፎርሙ ተቀይሯል፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ሰናፍጭ፣ አብሽ አንድ በአንድ ተጽፈዋል። አብሽ ለምን ትላላችሁ፣ እሱም እንደ ለውዝ ከጥራጥሬ ወገን ስለሆነ ለውዝ የማይስማማው ልጅ በአብሽም ሊነካ ይችላል፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ በርበሬ ውስጥ ይገባል። ስንዴ ለማይስማማው ልጅም ንጹህ ጤፍ ነው ወይስ ድብልቅ ብላችሁ በአፋችሁ ጠይቁ፣ እንጀራ ስለተባለ ብቻ አትመኑ።

ሌላው ብዛቱ ነው። 18 ልጅ፣ አንድ ምድጃ አራት እሳት ያለው፣ አምስት ትልቅ ሰው። ትልልቆቹ ሲያቁላሉ ትንንሾቹ ይጠብቃሉ፣ የጠበቀ ልጅ ይረብሻል፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያልፍበት ቀን አለ። በ12 ልጅ ቢወሰን ወይም በሁለት ቡድን ቢከፈል ብዬ ጽፌ አስገብቻለሁ፣ ዌቲንግ ሊስቱ ረጅም ስለሆነ ማንንም መመለስ ከበዳቸው። ይገባኛል፣ ግን የገባው ልጅም እጁ ሥራ መያዝ አለበት።

ስለ ደህንነት የምትጠይቁኝ፣ ሁላችንም ቮለንቲሮች የጀርባ ምርመራ (ባክግራውንድ ቼክ) አልፈናል፣ አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከልጅ ጋር አይሆንም፣ ሽንት ቤት እንኳን ሲወስዱ ሁለት ሆነው ነው።

ስትመጡ ጣት የሚሸፍን ጫማ አድርጉላቸው፣ ክዳን ያለው እቃ ያዙ፣ ረጅም እጅጌ ሹራብ ቤት ይቅር። የቻለ ወላጅ በወር አንድ ቅዳሜ ቆሞ ይርዳ፣ ሽንኩርቱ ብዙ ነው።

ለጊዜው ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛ ምድጃ ለመግዛት ብር እየተሰበሰበ ነው፣ የገባ ቀን ተመልሼ አምስት አደርገዋለሁ።